እህቴ ያዳመጠችው ሞተር

ጠፍቶ የቆመ ሞተር ሲተነፍስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ባትሪው ተነቅሎ፣ ነዳጁ ተዘግቶ፣ ቁልፉ የእናንተው ኪስ ውስጥ ሆኖ... ሲተነፍስ?

ካልሰማችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ተናገሩ። «ቤንዚን አሽትቶ ነው» ብሎ ለመጻፍ ጣቱን የሚበላው ሰው ካለ ከወዲሁ ጣቱን ይሰብስብ። በዚህ ቻናል ላይ የመናፍስት ታሪክ በተለጠፈ ቁጥር «ማስረጃህን አምጣ» እያልኩ ስሟገት የኖርኩት እኔው ነኝ። ዛሬ ተራው የእኔ ሆኗል።

የምነግራችሁ ነገር ሆኗል። በእኛ ግቢ፣ በእኛ ጋራዥ ውስጥ ሆኗል። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች፣ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ... በብርሃን ሆኗል።

አሁንም እየሆነ ነው።

እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዳገት ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ አራቱም ጎማ የማይጎትት መኪና አይደፍረውም። ስለዚህ አንዲት አሮጌ ሱባሩ አለቻት። ቀለሟ የለቀቀ፣ የኋላ በሯ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ፣ ዳገት ላይ ግን ፍየል የሆነች መኪና ናት።

ሞተሯ አርጅቶ ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ መሀል ላይ እንፋሎቱን ተፍቶ ቀጥ አለ። እህቴ ምጥ ወደያዛት ሴት በእግሯ ሮጣ ደረሰች። ማታ ጫማዋ ላይ ጭቃ ተጋግሮ ገባች።

«ወይ ሞተሩን ቀይሩልኝ» አለች፣ «ወይ እናንተን እቀይራለሁ።»

«እናንተ» የተባልነው እኔና ባሏ ነን።

ባሏ በያጅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «በያጁ» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው። ብረት ከብረት ሲያጣብቅ ስለኖረ በዚህ ዓለም ላይ የማይጣበቅ ነገር ያለ አይመስለውም። የእኔ ሥራ ደግሞ ማንበብና መጻፍ ነው። መኪናዋ እንዴት እንደምትፈታና እንደምትገጠም ሳላነብ የተውኩት ነገር የለም። ጋራዥ ውስጥ ስንገናኝ ታዲያ ከሥራችን ጭቅጭቃችን ይበልጣል።

«ጋሼ የመጽሐፍ መካኒክ» ይለኛል።

«አንተ የብረት ሐኪም፣ ታካሚህ ሁሉ ተቃጥሎ ነው የሚወጣው» እለዋለሁ።

«ያንኑ ዓይነት ሞተር ለምን እንገዛለን?» አለኝ በያጁ። «ትልቁን እናስገባላት። ዳገቱን ቁልቁለት ታድርገው።»

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የእነዚህ መኪኖች ሞተር እንደ ሌላው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጋደም ይላል። ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ተኝተው እንደ ቦክሰኛ እጅ ይማታሉ። የአንዱ ዘመን ሞተር ከሌላው ዘመን አካል ጋር ብዙ ጊዜ ስለሚገጥም፣ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ አሮጌውን አውጥተው የተሻለውን ይተኩበታል። የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ ቆርጦ መበየድ፣ ሽቦውን ፈትቶ ማጋጠም ይጠይቃል እንጂ ተአምር የለበትም።

ተአምሩን ያመጣው ሻጩ ነው።

ያገለገለ ሞተር የሚነግድ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም። ራሱን ያውቃል፤ ይህንንም እያነበበ ነው።

ሞተሩን በፒክአፕ ጭኖ ቤታችን ድረስ መጣ። የራሱን መኪና አላጠፋም። ሞተሩን አሮጌ ጎማ ላይ ስናሳርፍ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ።

«ከምን ዓይነት መኪና ነው የወጣው?» አልኩት።

«ከቆመ መኪና።»

«ለምን ቆመ?»

«ስትጠይቅ ልትውል ነው ወይስ ትረከባለህ?»

ደሜ ፈላ። ጎንበስ ብዬ የሞተሩ ቁጥር መኖር ያለበትን ቦታ አየሁ። በመፍጫ ተልጎ ልሙጥ ሆኗል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ዝገት ነው።»

«ዝገት ያብለጨልጫል?»

 ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ ወደ ኋላ እየነዳ ወጣ። መልሰን እንዳንጭንለት የፈራ ይመስል ነበር።

«ተወው፤ ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው» አለ በያጁ፣ እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ... ከዚያ ቶሎ አነሳው።

«ይሞቃል» አለ።

«ፀሐይ መትቶት ይሆናል።»

ሁለታችንም ቀና አልን። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደደፈነ ነው።

በማግስቱ ጋራዡን ስንከፍት ሲሚንቶው ወለል እግር ያቀዘቅዝ ነበር። መፍቻዎቹና ቡሎኖቹ በረዶ ሆነዋል።

ሞተሩ ይሞቃል።

ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቼ አወጣኋቸው። በያጁ ትልቁን መፍቻ ዋናው ዘንግ ላይ ገጥሞ በእጁ አዞረው። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ሁልጊዜ የሚደረግ ነው፤ ውስጡ ተጣብቆ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ዘንጉ ዞረ። በካንዴላዎቹ ቀዳዳ አየር ወጣ።

ይሄም ያለ ነው።

ፊቴን አስጠግቼ ስለነበር ግን መነጽሬ ጉም ለበሰ። አየሩ ይሞቃል፤ ርጥብ ነው። የዘይት ሽታ የለውም...

«ምን ይሸታል?» አልኩት።

አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

«ተናገር እንጂ።»

«አፍ» አለ። «ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው አፍ።»

«የራስህ ትንፋሽ ነው የተመለሰብህ» አልኩት። ሳቅን። ሳቃችን ግን ቶሎ አለቀ።

አሁን ስለ ቺንጋው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና። ቺንጋ የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን ጊዜ አንድ የሚያደርግ ባለ ጥርስ ቀበቶ ነው። አዲስ ሲታሰር በምልክት ነው የሚታሰረው። በዋናው ዘንግ ማርሽ ላይ ሁለት ምልክት አለ። አንዱ ትልቅ ቀስት ነው፤ ከሩቅ ይጣራል። ሌላው ከጀርባ ያለ፣ የጥፍር ጭረት የሚያክል መስመር ነው። ትክክለኛው ጭረቱ ነው። ቤቱ ውስጥ የሱባሩ ሞተር የሚሠራ ጀማሪ ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቀስት አየ፣ በቀስቱ አሰረ፣ ተገላገለ።

በቀስቱ የታሰረ ሞተር አይሠራም። ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ቫልቮቹ ይታጠፋሉ፣ አለቀ። ይህ የአስተያየት ጉዳይ አይደለም። ብረት ነው።

በያጁ ቺንጋውን ሲያስር እኔ መሪው ሥር ተጋድሜ ሽቦ እያጋጠምኩ ነበር። ክዳኑን ገጥሞ ቡሎኑን ሁሉ ካጠበቀ በኋላ ነው ቀና ያልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን በፓራንኮ አንጠልጥለን ወደ ቦታው አወረድነው። በያጁ የጋራዡ ጣራ ሥር ከበየደው ወፍራም ብረት ላይ የተንጠለጠለው ይሄ የሰንሰለት ማንሻ ብቻ ነው ያለ ጭቅጭቅ የሚሠራልን። ማርሚታውን ገጠመ፤ ዘይትና ውሃ ሞላን፤ ባትሪውን አሰርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ቁልፉን አዞርኩ።

ወዲያው ተነሳ። ሳል የለ፣ መንገራገጭ የለ። እንደነቃ ሰው ተነሳ።

«እልል በል!» አለ በያጁ። ከዚያ ጆሮውን አዘንብሎ ቅር አለው። «ግን ለምን አይጮህም? ይህን ሁሉ ማርሚታ የቆረጥኩት ለዝምታ ነው እንዴ?»

እውነቱን ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ጉርምርምታ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ይሄ ግን ሹክ ይላል።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ቺንጋውን በየትኛው ምልክት ነው ያሰርከው?»

«በቀስቱ ነዋ።»

«በቀስቱ?»

«በየት ላስረው ኖሯል? በአፍንጫህ?»

«ሰውዬ፣ ከጀርባ ባለው ጭረት ነው የሚታሰረው! በቀስቱ ከታሰረማ...»

«ታዲያ እየሠራ አይደል?» አለኝ እየሳቀ።

እሱ ነው ችግሩ። እየሠራ ነው። መሥራት የለበትም። እንኳን ሊሠራ፣ የመጀመሪያዋን ዙር ሳይጨርስ መሰባበር ነበረበት። 

በያጁ ረጅሙን ካቻቪቴ አነሳ። መካኒኮች ሲያደርጉ አይታችሁ ይሆናል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮ ላይ መደገፍ። ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ በብረቱ በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል። ጆሮውን ደግፎ አዳመጠ...

ግንባሩን ቋጠረ።

«አጥፋው» አለ።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«አጥፋው እልሃለሁ!»

«ቁልፉ እጄ ላይ ነው። እየው።»

ቁልፉን አየ። ካቻቪቴውን ከጆሮው አላነሳም፤ ማንሳት ያቃተው ይመስል ነበር። 

እህቴ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ የገባችው በዚህ ሰዓት ነው። ቦርሳዋን እንደያዘች ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«ምን ሆናችኋል? ጅብ ያየ አህያ መሰላችሁ።»

«ያንኳኳል» አለ ባሏ።

«ሞተር አይደል? ያንኳኳ።»

«ጠፍቷል እኮ።»

ሳቀች። «በካቻቪቴ ታዳምጣላችሁ ደግሞ! ዘወር በሉ፣ ባለሙያ ይየው።» ከቦርሳዋ ፌቶስኮፗን አወጣች። የጽንስ ልብ የምታዳምጥበት፣ ትንሽ ጥሩምባ የመሰለ ዕቃ ነው። ሰፊውን አፍ ሞተሩ ላይ ደፍታ በጠባቡ በኩል ጆሮዋን አስደገፈች። የሴት ሆድ ላይ እንደምታደርገው፣ በእርጋታ።

«እስኪ እማማ ሱባሩ፣ ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለች።

በያጁ እንኳ ፈገግ አለ።



ከዚያ የእህቴ ዓይን ወደ ሰዓቷ ሄደ። የልብ ምት ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሁንም ተንቀሳቀሰ...

«ይመታል» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ልብ። የሕፃን አይደለም፤ የትልቅ ሰው ነው።» ፊቷን ሳታነሳ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። «ጋሽዬ... ይሄ የፈራ ሰው ልብ ነው።»

«በቃ ተነሺ» አልኳት።

አልተነሳችም። ልማድ ክፉ ነው። የፈራች ሴት ባየች ቁጥር የምትለውን አለች፣ ብረቱን በመዳፏ እየዳበሰች፦

«አይዞሽ። አለሁልሽ።»

ሞተሩ ላይ ያሳረፍኩት እጄ ሥር ሙቀቱ ጠፋ። ድንገት። ብረቱ እንደ ማንኛውም ብረት ቀዘቀዘ።

እህቴ ቀና አለች። ጆሮዋ ላይ የፌቶስኮፑ ክብ ምልክት ቀርቷል።

«ቆመ» አለች። ፈገግ አለች። ግቢውን፣ አጥሩን፣ የጎረቤትን ልብስ አንድ በአንድ አየች።

«ግቢው ሰፊ ነው» አለች።

ይህ ግቢ የተወለደችበት ግቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማንም «ደክሟት ይሆናል» እንዳይለኝ። እህቴን ስትደክም አውቃታለሁ።

ማታ ራት ላይ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ቀኝ እጇን ወደ ግራ ትከሻዋ ላከች። የሌለ ነገር ይዛ በደረቷ አሻግራ አወረደች። ዳሌዋ ጋ ጫን አደረገችው።

የመኪና ቀበቶ... ወጥ ቤት ውስጥ።

ስልኳ ጮኸ። ከጤና ጣቢያ ነው። እህቴ ስለሚያምጡ ሴቶች የሚደወል ስልክ ሳታነሳ ቀርታ አታውቅም፤ ሠርጓ ቀን እንኳ አንስታለች። ስልኩን እንደ እንግዳ ጥንዚዛ አተኩራ አየችው። ጮሆ ጮሆ ዝም አለ።

«ነገ መኪናውን እነዳለሁ» አለች።

«ወዴት?»

«ወደ ሥራዬ።» ትንሽ አሰበች። «ወደ ዳገቱ በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

በያጁ ማንኪያውን አስቀመጠ። 

እሑድ ጠዋት ሞተሩን ልናወጣ ተነሳን። በያጁ ጨርሶ አልቀለደም። ባትሪውን ነቀልኩ። የፊት ክዳኑን ፈታንና ቺንጋውን አየን። በቀስቱ ነው የታሰረው፤ እንዲህ ታስሮ የሚሠራ ሞተር የለም። ቺንጋውን አወለቅነው። ሞተሩን በፓራንኮ አንስተን ከመኪናዋ አወጣነው። ባዶዋን መኪና ገፍተን ከጋራዡ ወደ ግቢው አስወጣናት። ሞተሩ ሰንሰለቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እንደገና ሞቆ ነበር።

ቆመን ስናየው ዋናው ዘንግ ዞረ።

የነካው የለም። ቀስ ብሎ፣ ተኝቶ የሚገላበጥ ሰው እንደሚያደርገው... ትንሽ ዞሮ ቆመ።

በያጁ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ግን ተናደድኩ። ልቤ ሲርድ እናደዳለሁ፤ እንዲህ ነው አፈጣጠሬ። ፌቶስኮፑ መደርደሪያው ላይ እንደተረሳ ነበር። አነሳሁት። ሞተሩ ላይ ደፋሁት። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽ ነው። ከዚያ ድምፅ።

«ተንፍሺ... ቀስ ብለሽ... አሁን አትግፊ... ጎበዝ...»

የእህቴ ድምፅ ነው። ለሚያምጡ ሴቶች የምትለውን ለራሷ እያለች ነው።

ቀና ብዬ በጋራዡ በር አየሁ። እህቴ ግቢው መሀል ቆማ ፀጉሯን በጣቷ እያበጠረች ነው። አፏ ዝግ ነው።

ጆሮዬን መለስኩ። «እቴ...» አልኩ ወደ ብረቱ፣ ሰው ይሰማኛል ብዬ ሳላፍር። «እዚህ ነሽ?»

ትንፋሹ ቆመ።

«ጨለማ ነው» አለች። «ጠባብ ነው። ጋሽዬ፣ አትስጠኝ...»

«ለማን?»

ዘንጉ ትንሽ ዞረ። ሌላ አልተናገረችም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ልሰድበው ነበር የተዘጋጀሁት፤ ስድቡንም በልቤ ደርድሬ ነበር። ገና «ያ የሱባሩ ሞተር...» ስል ትንፋሹ ተለወጠ።

«ማን አዳመጠው?» አለኝ በሹክሹክታ።

እስኪ ልብ በሉ! «ተበላሸ?» አላለም። «ምን ሆነ?» አላለም። ሞተር የሚሸጥ ሰው ስለ ሞተር ሲደወልለት «ማን አዳመጠው?» ይላል?

«ምን ማለትህ ነው?»

«ወንድ ነው ሴት?»

«አንተ ሰውዬ፣ በደንብ ተናገር!»

«ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ። ጆሯችሁን አታስጠጉበት።» ዘጋው። መልሼ ብደውል ስልኩ አይሠራም።

ቃሉን ግን ጠበቀ። ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል ፒክአፑ የውጭው በር ላይ ቆመ። ሁለት ጫኞች አብረውት አሉ። ዛሬም መኪናውን አላጠፋም።

«ሞተሩን» አለ።

«የማንን ሞተር? ሸጠኸው የለም እንዴ?»

«ለእናንተው ብዬ ነው።»

«ለእኛ ብለህማ ቢሆን ቁጥሩን ባልፋቅኸው! ከማን መኪና ነው ያወጣኸው? ውስጡ ማን ነበር?»

ጫኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

እህቴ ከቤት ወጣች። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ቁልፎቹን አዛንፋ ነው የቆለፈችው። በእኛ መሀል አልፋ ፊት ለፊቱ ቆመች።

ሻጩ ቀና ብሎ አላያትም። ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያውቃት ሰው፦

«ተመቸሽ?» አላት።

«ተመችቶኛል» አለች። «አመሰግናለሁ።»



ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። «ይውሰዱት» አለችው። «ምን ያደርግልናል? አሮጌ ብረት ነው።»

በያጁ አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ልመና ነበር። ሚስቱ ፊቱ ቆማለች፤ ፊቷ የእሷ ነው፣ እጇ የእሷ ነው። ማንኛችሁስ ብትሆኑ ይህን ትታችሁ ብረት ትይዛላችሁ?

ወደ ሰንሰለቱ ሄደ። ሊያወርደው።

ተከትዬው ጋራዡ ገባሁና ፌቶስኮፑን አነሳሁ። «መጀመሪያ አዳምጥ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ተወኝ።»

«አንድ ጊዜ አዳምጥና ከዚያ በገዛ እጅህ ጫንላቸው። አልከለክልህም።»

«እንዳታዳምጥ!» አለ ሻጩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። የውጭውን በር አልፎ ግን አልገባም።

በያጁ ፌቶስኮፑን ከእጄ ተቀበለ። ጎንበስ አለ።

እህቴን የመሰለችው ሴት ከግቢው ሆና አየችው። ዓይኗን አላርገበገበችም።

ምን እንደሰማ አላውቅም። ጠይቄው አልነገረኝም፤ እስካሁንም አልነገረኝም። ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ ያ ብረት ሲፈነጥቅበት የማይሸሽ ሰውዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አፉን በእጁ አፈነ። ከዚያ ተነሳ። ማንንም ሳያይ የጋራዡን የብረት በር ከውስጥ ጎትቶ ዘጋው።

«መቀርቀሪያ አይበቃም» አለ። የመበየጃውን ገመድ ሰካ። «ዓይንህን ጨፍን።»

በሩን ከክፈፉ ጋር በየደው። ከላይ እስከ ታች። ውጭ ጫኞቹ እየደበደቡ ነበር፤ ብረቱ ሲግል እጃቸውን አነሱ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያው ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ነው። ሞተሩ ከፊቴ ተንጠልጥሏል። በያጁ በሁለት እጁ አቅፎት ጆሮውን አስደግፎ ተቀምጧል፤ «አለሁ፣ አለሁ» ይለዋል። አንዳንዴ የምትመልስለት ይመስለኛል፤ ፊቱ ይበራል። ከዚያ ደግሞ ይጨልማል። ትንፋሿ እየራቀ ነው ይላል።

በሩ ላይ የአየር ማስገቢያ ወንፊት አለ። በእሱ በኩል ግቢው ይታየኛል።

ፒክአፑ ሄዷል። የውጭው በር ክፍት ነው። አሮጌዋ ሱባሩ እዚያው እንደተውናት ናት፤ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ሞተር የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ... በባዶው በኩል ሣሩ ይታያል።

ሴትዮዋ መሪው ጋ ተቀምጣለች። ቀበቶውን አሰረች። የእውነተኛውን ቀበቶ።

ባትሪ የለም። ነዳጅ የሚያቃጥል የለም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አሁን እየጨበጥኩት ነው።

ማርሚታው ነጭ ትንፋሽ አወጣ።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ያለ ምንም ድምፅ ከግቢው ወጣች። ግራ ቀኝ አላለችም፤ ቀጥታ ዳገቱን ያዘች። ማን መንገዱን እንዳሳያት አላውቅም። እዚያ ላይ ዛሬ የሚወልዱ ሴቶች አሉ። ጤና ጣቢያ ያላችሁ ሁሉ፣ የሥራ ልብሷን አይታችሁ እንዳታስገቧት!

አንተ ደግሞ፣ ሞተር ሻጩ። ይህን ቻናል እንደምትከታተል አውቃለሁ። በውስጥ መስመር እንዳትጽፍልኝ። እንዳትደውል። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት፣ ከዚህ ጽሑፍ ሥር መልስ።

ያቺ ሴት ማን ናት? ምን አድርገህላት ነው ያመሰገነችህ?

እህቴስ በየት በኩል ትውጣ?

መልስ።